ከመሠረቱ በፊት

ትርንጎ፥ ሰማሁኝ፥ ልትገነቢ ነው አሉ፣
የግንፍሌው ብሎኬት ሊነሣ በሙሉ።
ስልክ አይሆነኝም፥ ጆሮዬ ደክሟል፤
እጄ ግን ደኅና ነው፥ እርሳስ ይጨብጣል።
በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ጻፍኩልሽ፤
ፊደሌ ቢንጋደድ፥ ነገሩ ይድረስሽ።

መጀመሪያ ወረቀት፥ ከዚያ በኋላ ድንጋይ።
ካርታሽን ዘርጊና ቁሚ ጠራራ ፀሐይ፤
ሜትሩን አንቺ ያዢው፥ ጫፉን ጎረቤትሽ፤
መቶ ሠላሳ ካሬ ይላል ወረቀትሽ፤
አጥሩ ግን በየዓመቱ ቀስ እያለ ሲገፋ፣
አንድ ክንድ ከስንዝር በወዲያ በኩል ጠፋ።
ዛሬ ተነጋገሩ፥ ሳይመጣ ግንበኛ፤
ነገ ግን በመሃል ይገባል ዳኛ።

ክፍለ ከተማውም ስትሄጂ ለፈቃድ፣
መንገዱን ጠይቂ፥ በፕላን የሚሄድ፤
አስቀድመሽ በዪ፥ «ስንት ሜትር ይወስዳል?»
በር ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ ይመሻል።

ወደ አፈሩ ልምጣ። የእናንተ ሰፈር ዋልካ፣
በጋ አፉን ይከፍታል፥ ክረምት ሆዱ አይለካ፤
ሲጠጣ ያብጣል፥ ሲጠማው ይጎድላል፤
ላዩ የተኛውን ቤት ያገላብጠዋል።
«ሁለት ሜትር በቂ ነው» የሚልሽን አትስሚ፤
ጠንካራው እስኪመጣ ከጉድጓዱ አፍ ቁሚ።
ኮንትራክተሩ ቢቆጣ፥ ቢል «ይጨምራል ሂሳብ»፣
ከላይ ቀንሺለት፤ ከጣሪያው ይሳብ።
ጂፕሰሙ ይቅርብሽ፥ የኮርኒሱ አበባ፤
ማንም ከማያየው ጉድጓድ ብርሽ ይግባ።

አሸዋ በጨለማ ቢራገፍ አትቀበዪ፤
ሃይላንድ ውስጥ ጨምረሽ ከውሃ ነቅንቀሽ እዪ፤
አድሮ ከላይ በኩል ጭቃ ከተኛበት፣
ሹፌሩን ጥሪና ጭነቱን መልሺበት።
ሲሚንቶ ሲገባ ቁጠሪ አንድ በአንድ፤
ባዶ ከረጢቱንም፤ ዘበኛም አለው ዘመድ።

አርማታ ተሞልቶ ሠራተኛው ሲበተን፣
ጆንያ አርጥበሽ አልብሺው ሳምንቱን።
ጠዋት ማታ አጠጪው፥ እንደ ችግኝ ሁሉ፤
የተጠማ አርማታ ባዶ ነው አካሉ።
ቧንቧው በፈረቃ ነው፥ ሌሊት ነው ሚመጣ፤
በርሜሉ ይሙላ እንጂ እንቅልፍሽ ይታጣ።

አሸንዳሽ የት ይፈሳል? ይህንም እዪ ራስሽ፤
የወይዘሮ ብርነሽ ጓሮ አይደለም ቦይሽ።

በሩን አታጥብቢው። ታስታውሻለሽ ያን ቀን፣
የአባትሽን ሳጥን በመስኮት አሳለፍን።
ያም በር የኔ ሥራ ነው።
ሰው በገባበት በር ይውጣ ተከብሮ፤
ሃያ ሳንቲም ብትጨምሪ አይናጋም ኑሮ።

እንግዲህ የቀረውን።
እርሳሴን ሁለቴ ቀረጽኩት፥ ለዚህች።

በሳሎናችሁ ውስጥ፥ ከመስኮቱ ግራ፣
ካላንደር ነበረ፥ ሁልጊዜ አንድ ስፍራ።
ባንክ ይስጠው ፋብሪካ፥ ማንም ይስጠው ማንም፣
ከዚያ ምስማር በቀር ሌላ ቦታ አያውቅም።
ከኋላው ስንጥቅ ነው፥ ጣት የሚያስገባ።
አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ ወረቀት ትሞይበት ነበር።
ያንን ስንጥቅ የወለድኩት እኔ ነኝ፥ አልዋሽም፤
ሰኔ ደረሰ ብለን፥ ዝናብ እንዳይቀድም፣
ያጣደፈኝ እሱ፥ እሺ ያልኩት እኔ፤
ጉልበት ላይ ስንደርስ «ይበቃል» አልኩ ያኔ።

ሠላሳ ሦስት ዓመት አንድ ቀን አልወቀሰኝ፤
በዓል በመጣ ቁጥር ጠርቶ አስቀመጠኝ፣
ከካላንደሩ ፊት ለፊት።
«ደባልቄ፥ ዛሬ ስንት ነው?» ይለኛል፤
ቀና ብዬ አነባለሁ፤ ስንጥቁ ያየኛል።

ስታፈርሺ ምስማሯን አትጣያት፥ ትርንጎ።
ያቺ ጥግ ስትቆፈርም እኔ ልኑር፤
ጉልበት ላይ ሲደርሱ አንዱ «ይበቃል» ይላል፥
ሁልጊዜ አንድ የሚል አለ፤
ፊቱን ልየው።

ቁፋሮው ሰኞ ከሆነ እሑድ ማታ ደውዪ።
ባልሰማውም ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤
እመጣለሁ።