ወለሉ እስኪደርቅ

ካሜራው የትምህርት ቤቱ ነው፤ ሰኞ ሦስት ሰዓት ይመለሳል።
ከሦስቱ ባትሪ አንደኛው ገና ሳይነኩት ያንቀላፋል።
እኔ ኔስታን ነኝ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣
ስምንት ደቂቃ ተፈቅዶልኝ የሰው ዕድሜ ተበዳሪ።
ድምፅ የሚቀዳው ቶርኒኬ ኪሱ ሙሉ የሱፍ ፍሬ ነው፤
ይቆረጥማል፣ ይቀዳል፣ ያዳምጣል፤ «ይሄ የምን ድምፅ ነው?»

ኡሻንጊ የሚኖሩት ግልዳኒ፣ ዘጠነኛ ፎቅ፣ ከትብሊሲ ዳር፤
ሊፍቱ ሳንቲም ካላጎረሱት ንቅንቅ አይልም ከምድር።
ሳንቲም ሰጠኋቸው። አመስግነው ኪሳቸው ከተቱና
ደረጃውን ተያያዙት። ሊፍቱ እያቃሰተ እኔን ሲያደርስ ገና፣
በራቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ ቁና ቁና አይተነፍሱ፣
ሰባ አንድ ዓመት ተሸክመው ከማሽን ቀድመው ሲደርሱ።
«እግር ላለው» አሉኝ፣ «መውጣት በነፃ ነው። ግቢ።»

በጉብዝናቸው ወራት በእግር ጣታቸው አንጓ ቆመው፣
በስስ ቆዳ ጫማ፣ ያለ ጥጥ ያለ እንጨት፣ እንደ እንዝርት ሾረው
የጨፈሩ ናቸው።
ካልሲያቸውን አወለቁልኝ። ጣቶቻቸው ዝንጅብል፤
አንዱ በር በሩን የሚያይ፣ አንዱ ወንድሙ ላይ የሚንጠለጠል።
«ይሄን ነው የምትቀርጪው?»
«አይ፣ ጭፈራውን።»
«እሱማ ከዚህ ነው የሚወጣው።»

አዳራሹ ድሮ የባቡር ሠራተኞች ክበብ፣ ዛሬ የድንች መጋዘን።
ከረጢቱን ወደ ግድግዳው ገፋን፤ መስኮቶቹን ገለጥን።
ከዚያ እኔ ነኝ ያበድኩት፦
ወለሉ ያብራ፣ የእግራቸው ጥላ ይውረድበት ብዬ
አምስት ባልዲ ውኃ ደፋሁ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ ተንበርክኬ።

መጡ። ጫማቸው በጋዜጣ ተጠቅልሎ በብብታቸው።
ደፉ ላይ ቆሙ። ጎንበስ አሉ። እንጨቱን ዳሰሱ በጣታቸው።
«እኔ ዓሣ ነኝ እንዴ፣ ልጄ?»
ከረጢት ላይ ተቀመጡ።
«ይድረቅ።»

ይድረቅ።
ቶርኒኬ በማስታወሻ ደብተሩ አራገበ፤ እኔ በሹራቤ ወለወልኩ፤
እንጨት የጠጣውን አይተፋም።
ፀሐይ ከአንደኛው መስኮት ወደ ሁለተኛው ተሻገረች።
ያቺ ሕመምተኛ ባትሪ ዐረፈች።
እሳቸው አንድ ድንች አንስተው አፈሩን በአውራ ጣት ጠረጉ፣
አገላብጠው አዩት፣ ቦታው መለሱት።
ጫማ አጠለቁ፣ አወለቁ።
በከንፈራቸው ምት መቁጠር ጀመሩ፣ ድምፅ የለው፤
ከጉልበት በታች ሁሉም ዝም፣
ቀኝ ትከሻቸው ብቻ፣ አንዴ ብቻ፣
ከኋላ ሰው የጠራቸው ይመስል ዞረ።
እጄ ካሜራው ላይ ነበር። መቼ እንደተጫንኩት አላውቅም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ደረቀ።
ተነሡ። ጨፈሩ። እውነቴን ነው፣
አርባ ሰከንድ፣ በአንጓቸው፣ ድንቹ ከከረጢቱ እስኪንከባለል።
ብርሃን ግን አልነበረም፤ የቀረጽኩት
ጉም ውስጥ የሚሮጥ አንድ ጭረት።
«አንዴ ይድገሙልኝ» ልል አፌን ከፈትኩ፤
ጉልበታቸውን ሲይዙ አየሁና ከደንኩት።

መምህርት ማናና አዩት፣ ሁለት ጊዜ።
«ይሄን አውጪው» አሉ፣ ጭረቱን በእርሳስ እየነኩ።
ሦስት ሌሊት ከራሴ ጋር ተሟገትኩ።
አወጣሁት።
ስምንት ደቂቃ፦ አንድ ሽማግሌ ወለል እስኪደርቅ ይጠብቃሉ።
በቃ። ሌላ የለውም።

በታየበት ማታ ሰው መጀመሪያ ሳቀ።
ቆይቶ የቶርኒኬ ሱፍ እንኳ አልተሰማም።
ኡሻንጊ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበሩ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ።

ቤታቸው ድረስ ሸኘኋቸው። ደረጃውን አዩት፣ ሊፍቱን አዩት፤
ከኪሳቸው ሳንቲም አወጡ፣ የእኔን ይሁን ሌላ፣
ቀስ ብለው አጎረሱት።
በሩ ሊዘጋ ሲል እጃቸውን ጣል አድርገው ያዙት።
«ወለሉ ግን» አሉኝ፣
«ደርቆ ነበር እኮ።»