ሁለት ፊት

ደንገሉ አብቅቶ ጭቃው በሚጀምርበት፣
የጉማሬ ዳና ውሃ ባቆረበት፣
ሦስት እግር ዘርግተን ቱንቢውን አወረድን፤
ከሚስማሩ አናት ጫፍ ለጫፍ አጋጠምን።
«አረፋው ሳያርፍ ዐይንሽን አታሳርፊ» አለኝ ጋሽ ይሁኔ፣
ሦስቱን ብሎን እያባበለ፣ ጎንበስ ብሎ ከጎኔ።

ከጧቱ አንድ ሰዓት። ሐይቁ ገና አልሞቀም።
ባሕር ዳር ከጀርባችን ባጃጅ ታስነሣለች፤ እኛን አታውቀንም።
«ከአራት ሰዓት ወዲያ ጣና ይዋሻል» ይላል፤
«ውሃው እንኳ አይደለም፣ ብርሃኑ ይታጠፋል፤
ደሴቱን ከነዛፉ አየር ላይ ያንሳፍፋል።»

በመስቀሉ ክር የደሴቱን ምልክት ያዝኩ፤
ስልሳ አንድ ዲግሪ፣ ዐሥራ አራት ደቂቃ፣ ሃያ ሰከንድ፤ ጻፍኩ።
ልነሣ ስል፦ «ወዴት? ገልብጪው።
ገና ግማሹን ነው ያየሽው።»

መነጽሩን ገለበጥኩ፤ ግማሽ ዙር አዞርኩ፤
ያንኑ ምልክት በቀኝ ፊት አነበብኩ።
መቶ ሰማንያው ሲነሣ፣ አርባ አራት ሰከንድ።
ያው ሐይቅ፣ ያው ዐይን፣ ያው ሚስማር፤
ሃያ አራት ሰከንድ ልዩነት
በመገልበጥ ብቻ።

«ተበላሽቷል» አልኩት።
«ሲወለድም እንዲህ ነው። ዘንጉ ትንሽ ዘመም፤
ከፋብሪካ ቀጥ ብሎ የወጣ የለም።
በግራ ፊቱ ወደ ግራ ከሳተ፣ በቀኙ ወደ ቀኝ ይስታል፤
ደምረሽ ለሁለት ስትከፍዪው፣ ጥፋት በጥፋት ይጠፋል።»

ሠላሳ ሁለት ብዬ ጻፍኩ።
በሰፈሬ «ሁለት ፊት» ማለት ስድብ ነው፤
እዚህ ግን የማይታመን ባለ አንድ ፊቱ ነው።

ሦስቱን ማዕዘን ለክተን ደመርን።
መቶ ሰማንያ አልሞላም፤ ደቂቃ ከዘጠኝ ሰከንድ ጎደለን።
ደሴቱ ላይ ምልክቱን የያዘው አንማው ነው፤
ታንኳ ባለፈ ቁጥር ወሬ የሚጠራው።
በስልክ ጮህኩበት፦ «ዘንጉን አጋደልከው!»
«እኔ እንደ ዋርካ ቆሜያለሁ» አለ። «የራስሽን እግር እዪው።»

ዐየሁ።
ከሦስቱ አንዱ፣ ወደ ውሃው የዘረጋሁት፣
ጉማሬው የረገጠው ውስጥ ቀስ ብሎ ሰጥሟል።
አረፋው ተንሸራቷል፤ ቱንቢው ከሚስማሩ ሸሽቷል።
ይሄንን መገልበጥ አያድነውም፤
ሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት ውሸት ይዋሻል።

ጋሽ ይሁኔ አልተቆጣም። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈለገ።
ላጲሴን ሳወጣ ግን እጄን ለቀም አደረገ።
«አይፋቅም! ባንድ መስመር ሰርዢው፤
ሥሩ ይነበብ፣ ትክክሉን ከላዩ ጻፊው።
የተፋቀ ቁጥር ሳይመረመር እንደተቀበረ ሰው ነው፤
ማንም አያውቅም፣ ምን እንደገደለው።»

በማግስቱ ደገምነው። ዘጠኝ ሰከንድ ብቻ ጎደለ።
«ይሄስ የማን ነው?» «የማንም» አለ።
«የነፋሱ፣ የዐይንሽ፣ የአንማው ትንፋሽ፤
ለሦስቱም ሦስት ሦስት አድዪ፣ አንዱን ብቻ እንዳትከሺ።»
«ታዲያ ልክ ሆነ?»
«ስህተቱ ልክ ካለው፣ ሥራው ልክ ነው።»

ማታ አንማው በታንኳ መጣ፣ እስከ ጉልበቱ ረጥቦ፣
አንድ ቀረሶ በደንገል ልጥ አንጠልጥሎ።
ይቅርታ ማለት አቅቶኝ ደብተሩን ዘረጋሁለት።
ቁጥሩን አላየም። ጣቱን ከኅዳጉ ላይ አሳረፈ፦
«ስህተቱ የአንማው ነው።»
ባንድ መስመር ተሰርዟል።
ይነበባል።