ትንፋሽ የዋጠ ቀለህ

በቱላ ከተማ ሁለት ነው ሙያችን፣
ጠብመንጃ ወይ ሙዚቃ፣ እሱ ነው ርስታችን።
አያቴ ሉካ የናስ ምላስ ሞርዶ፣
ወናፍ ከቆዳ ሰፍቶ፣ ጆሮውን አስለምዶ፣
አኮርዲዮን ይሠራል፤
ከኡፓ ወንዝ ማዶ ሰርግ ሲኖር ይጠራል።

ልጁ ኤፊም፣ አባቴ፣ ያን ጆሮ ወርሶ
ገባ ከፋብሪካ፣ ካፖርቱን ለብሶ፤
ድምፅ ሊያወጣ መስሎን ስንጠብቅ ከርመን፣
ድምፅ ሊቀብር ኖሯል፣ ቆይቶ ገባን።
አስፈረሙት ወረቀት፣ ቀይ ማኅተም ያለበት፤
ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራው ቃል አልወጣም በኛ ቤት።

(ይህን ሁሉ የነገረኝ፣ በአርባው ቀን ሰክሮ፣
የሥራ ባልንጀራው ነው፣ ባለ አንድ ዓይኑ ፕሮኾር፣ እንባውን ቋጥሮ።)

«የቀደሙን» አለ ፕሮኾር፣ «ነፍጥ ሲደብቁ
በምርኩዝ፣ በብዕር፣ በሲጋራ ፓኬት ወሸቁ።
መልኩ ተሸሸገ፤
ጩኸቱ ግን ወጥቶ ጌታውን ፈለገ።
አፈሙዙን በቆርቆሮ ቢያፍኑት ቢያፍኑት፣
እንደ ጉንፋናም ሳለ እንጂ ዝም አላለም ያሉት።
አባትሽ ነፍጡን ትቶ፣
ጥይቱን ነው ያስተማረው ዝምታን፣ ከሥሩ አንስቶ።
ከቀለሁ ውስጥ ትንሽ ዘንግ አለች፣
ባሩዱ ሲነድ እርሳሱን ትገፋለች፣
ደጃፉ ላይ ስትደርስ በሩን ዘግታ ትቆማለች።
እሳት የለ፣ ጭስ የለ፣ ነጎድጓድም የለ፤
ትንፋሹ እዚያው ቀረ፣ እንደ ጋለ፣ እንደ ከረረ።
ቀጭ ይላል።
የቁም ሳጥን ቁልፍ ያህል።
ሰው ግን ይወድቃል።»

አሁን ገባኝ፣ የበራችን ማጠፊያ ለምን ዘይት ይጠጣ እንደ ነበር፣
ለምን እንደ ተሰፋለት ጨርቅ፣ እግር እግሩ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ወንበር።
እናቴ ግላፊራ፣ ሲብስባት፣ ሆን ብላ፣
የድስት ክዳን ትለቅ ነበር ከእጇ ላይ አንከባላ፤
«ሰው አለበት ይህ ቤት!»
ግድግዳውን ነበር የምትቆጣው፣ ባሏን ፈርታ ማየት።

አንድ የካቲት ታዲያ፣
ቀለህ ቀርቶ ኖሯል ከጠረጴዛው ጓዳ፤
ከተተኮሰ ወር አልፎት፣ ማንም ሳይጠረጥረው፣
ውስጡ የታመቀው ትንፋሽ ስንጥቅ አገኘና ጮኸ፣ ያኔ ገና መጮኹ ነው።
ሁለት ጣቱን ወሰደ።
በፋሻ ተጠቅልሎ ወደ ቤት ወረደ።
«በር ነው» አላት ለእናቴ።
በር? በኛ ቤት? ዘይት የጠገበ በር?
ዝም አለች። እሱም ዝም። ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ሳይነገር ነገር።

ማንን እንደ ጣለ፣ በየትኛው ደረጃ፣ በየትኛው ሀገር ጓሮ፣
አልነገሩትም። አልጠየቀም። ግን ሌሊት፣ እንቅልፉ ተሰባብሮ፣
«ሰምቷል ወይ?» ይል ነበር፣ «ሰምቷል ወይ ሰውየው?»
እኔም ሕፃን ነኝና «አዎ ሰምቷል» እለው።

ሜዳሊያው ሳጥን ውስጥ ነው። ስለምን እንደ ሆነ አልተጻፈም።
የአያቴን አኮርዲዮን ከቁም ሳጥን አወጣሁ፤ አንድም ቁልፍ አልነካሁም።
ወናፉን ብቻ ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት፤
አሮጌ ቆዳ የያዘውን ትንፋሽ ሲለቅ ሰማሁት፣
ረጅም።

ሌሊት ነበር። ጎረቤት ግድግዳውን መታ።
ደገምኩለት።