የት ልድፋው?

አራተኛው ሐሙስ፣ ዊኒፔግ በጥር፤
አርክቴክቱ ቆሟል፣ በእጁ ቀይ ጨረር።
በግድግዳው በርቷል የነገ አደባባይ፣
ዛፉ ሁሉ ለምለም፣ ጥርት ያለ ሰማይ፤
አንዲት ሕፃን ፊኛ ይዛለች፣ ጓንት ያጠለቀ የለ፤
«ይህ ቦታ የሁሉም ነው!» ጭብጨባው ቀጠለ።

ከኋላ ወንበር ላይ እጅ ወጣ በዝግታ፤
ኦሬስት ሃብሪሉክ፣
ሠላሳ ክረምት መንገድ የጠረገ በማታ፤
«ጌታው፣ እኔ በረዶውን የት ልድፋው?» አለና
ቁጭ አለ እንደገና።

ጨረሩ ተንከራተተ፤ አግዳሚውን ነካ፣
ፏፏቴውን ነካ፣
የልጅቷን ፊኛ፤
አንድ ባዶ ጥግ የለም ለካ።
«ሰዓታችን አልቋል» አለች መድረክ መሪዋ።

ደጅ፣ የአርክቴክቱ መኪና እስከ መስኮቱ ተቀብሯል።
ኦሬስት ምንም ሳይል አካፋ አቀበለው።
ዛቀ፤ ሞላ፤
ወደ ግራ ዞረ፣
ወደ ቀኝ ዞረ፣
አካፋውን እንዳንጠለጠለ ቀረ።