ፎርማሊን ያልነካው ሳህን

ከምሽቱ ሁለት ላይ ጾም አስያዝኳቸው፤
ሴረሙን መጥጬ፣ በጨው ውሃ አጥቤ፣
ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ላይ ተውኳቸው።
እኔም ጾም ላይ ነኝ፣ ሁዳዴ ነው፤ ልዩነታችን ግን
እኔ ወድጄ ነው፣ እነሱን ማን ጠየቃቸው?

ሕዋስ ሲርበው ጎረቤት አይሄድም፣
ከገዛ ጓዳው ነው የሚቆርሰው፤
ያረጀ ዕቃውን በስስ ከረጢት ጠቅልሎ
ላይሶዞሙን ነው የሚያጎርሰው።
ይህንንስ መጽሐፉም ይለዋል።

አባ ኮዳ አሞራ ገደል ቆሞ የዓሣ አንጀት ሲውጥ
የሐዋሳ ልጅ ሁሉ ያያል፤
አባ ኮዳው ራሱ ያለቀ ዕለት
ማን ይተካዋል?
ትንንሾቹ ተዋሕደው ጥቂት ትልልቅ ከሆኑ፣
ሕዋሱ ነገ የሚበላው በምኑ?

አምናም ይህንኑ ጠየቅሁ።
በየሁለት ሰዓቱ አንድ ሳህን እያወጣሁ
ፎርማሊን አፈሰስኩ፣
ቀለም ያዘለ ፀረ እንግዳ አካል ጨመርኩ፣
ነጥብ አየሁ። ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ።
«ክር አልታየም» ብዬ ጽፌ፣ አስጠርዤ፣
ለአማካሪዬ ሰጠሁ።

ላሚሶ ነው የነገረኝ፣ ማይክሮስኮፑን የሚጠብቀው፦
«አንቺ ደግሞ፣ ገድለሽ እኮ ነው የምትጠይቂው!
ያ ክር ስስ ነው፤ ፎርማሊን ሲነካው ይበጣጠሳል፤
የሞተ ምስክር ምን ያወራል?»

ስለዚህ ዛሬ ከነነፍሳቸው።
የሚያበራ አረንጓዴ ፕሮቲን ከሽፋናቸው ላይ ሰፍቼ፣
ሳህኑን ከነሙቀቱ ከሌንሱ ሥር አስተኝቼ፣
ብርሃኑን ቀንሼ (ሲበዛ ያቃጥላቸዋል)
በየአምስት ሰከንዱ አንድ ፎቶ።

ስድስት ሰዓት፣ ምንም።
ስምንት ሰዓት፣ ነጥቦቹ አብጠዋል፣ ቁጥራቸው አንሷል፤
ከታቦር ሥር ውሻ ይጮኻል።
ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ መብራት ጠፋ።
ላሚሶ በካልሲው ወደ ጄኔሬተሩ ሮጠ፤
እኔ መዳፌን በሳህኑ ላይ ዘርግቼ
እንዳይበርዳቸው፣ እስከ ሰባ ቆጠርኩ፣ እስከ ዘጠና።

አሥር ሰዓት ላይ
ከአንዱ፣ ከትልቁ ጎን፣ ክር ወጣ።
ከባዘቶ እንደሚሳብ ፈትል ቀጠነ፣ ረዘመ፣
የሚጎትተው ያለ ይመስል ተወዛወዘ፣
ጫፉ ላይ ቋጠሮ አበጀ፤
ቋጠሮው ተቆርጦ
ብቻውን፣ ትንሽ፣ አዲስ፣ መንገድ ጀመረ።

«አየሽው?» አለ ላሚሶ።
«አየሁት።»
ከዚያ ሁለታችንም ወደ ስክሪኑ ጥግ አየን፤
መብራት ከመጣ ወዲህ ካሜራው
አንድም ፎቶ አላነሳም።
ለዕድር ዳኛ ሁለት ምስክር ይበቃል፣
ለመጽሔት አይበቃም።

ሲነጋ የአምናውን ጥራዝ ከመደርደሪያው አወረድኩ፤
«ክር አልታየም» ከሚለው ፊት
«ከሞቱት ላይ» ብዬ በእርሳስ ጨመርኩ።
ሌላ ሳህን አወጣሁ። ላሚሶ ናፍጣ ሊገዛ ሄደ።