አሥራ አንድ እርምጃ

መጀመሪያ የመጣሁት ለሒሳቤ ነበር፤
ጋሽ ወርዶፋን ከሳቢያን ጭኜ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ በር
ላወርድ፣ ሠላሳ ብሬን ይዤ፣ ባጃጄን አዙሬ ልበር።
እሳቸው ወርደው አጥሩን በከዘራ እያንኳኩ
«ና እስቲ፣ ይቺን ያዝልኝ» አሉ። መፍቻ ነው። ያዝኩ።
ይኸው ሁለት ዓመቴ፣ እንደጨበጥኩ።

ከጋራዡ ኋላ ቆማለች፣ ቁጥር አርባ አንድ፣
ሆዷ ክፍት፣ ግማሽ አካሏ ዝገት፣ ግማሹ አመድ።
ፍየል ከመንኮራኩሯ ሥር ጥላ ይዞ ያመሰኳል፤
የድሬ ንፋስ በየቀኑ አሸዋውን ላይዋ ይነፋል።

ስንት ነን? ስድስት። ሙቀት ሲበረታ አራት።
ሮብሌ ጎሚስታው፣ ላቡ ላስቲክ የሚሸት፤
ኢፍቱ የፊዚክስ መምህርቷ፣ ጠመኔ ያልለቀቀው ጣት፣
የእንፋሎቱን ስሌት ግድግዳ ላይ የምትጽፍ በከሰል ስባሪ፤
ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ የጥንት ቲኬት ቆራጭ፣ የዛሬ ብሎን ቆጣሪ፣
በናፍጣ ዘፍዝፈው፣ አጥበው፣ ደብተር ላይ የሚያሰፍሩ፣
አንዲት ብትጎድል ማንንም ወደ ቤቱ የማያሰናብቱ፤
ደግሞ ሰሚር፣
«ከኮንትሮባንድ ጡረታ ወጥቻለሁ» የሚል፣
የጠፋ ዕቃ ከየት እንዳመጣ ማንም የማይጠይቀው።

የጋሽ ወርዶፋ ዓይን ደክሟል፤ ብረት በጆሮ ያያሉ።
በትንሽ መዶሻ ቦይለሯን ጎን ጎኗን መታ መታ ያደርጋሉ፤
«ይሄ ጤነኛ... ይሄም ጤነኛ... ይሄ ይዋሻል» ይላሉ።
የዋሸውን ከበን፣ ቆርጠን፣ በአዲስ እንለጥፋለን፤
በሳምንቱ አጠገቡ ሌላ ውሸታም እናገኛለን።
አንድ ቀን ግን ብረቱን ትተው የራሳቸውን ደረት
መታ መታ አደረጉና አዳመጡ፣ ዝም ብለው ለቅጽበት።
«እዚያስ?» አለች ኢፍቱ።
«እዚህም ይዋሻል። መለዋወጫ የለውም፣ ይቀጥል።»
ሳቁ። እኛም ሳቅን፣ ትንሽ ዘግይተን።

ከነጂው መቀመጫ ሥር የሳርዲን ቆርቆሮ ወጣ፤
ውስጡ ሦስት የቤት ቁልፍ፣ ባለቤቱ ያልመጣ።
ወይዘሮ ዘነበወርቅ ጻፉ፦ «ቁልፍ፣ ሦስት። በር፣ ያልታወቀ።»

የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይተክላል፤
«ቦይለር ውስጥ ከገባማ ሆዷን ይገድላል»
አለች ኢፍቱ። ስለዚህ አንድ ሙሉ ክረምት ሰማይ ሰማይ አየን፣
የጣሪያ ዝናብ በበርሜል፣ በጀሪካን፣ በሳፋ እየጠለቅን።
የደቻቱን ጎርፍ ሰው ሲፈራው፣
እኛ ብቻ ነበርን ዝናብ የራበን።

እሑድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እሳት ለኮስን።
የፈረሰ ሣጥን፣ የግራር ጉማጅ፣ ሰሚር ያመጣው ከሰል።
ጎህ ቀደደ፤ መርፌው ዜሮ ላይ ነው። ረፈደ፤ ዜሮ ላይ ነው።
ሮብሌ በሶማሊኛ ለመነው፣ በአማርኛ ሰደበው።
ቀትር ሲሆን፣ ከተማው በሩን ዘግቶ ሊያርፍ ሲል፣
መርፌው ተንቀጠቀጠ፣ እንደ ሰው ዓይን ሽፋል።

ከዚያ ፊሽካው።

ከዚራ ላይ ውሾች ተነሡ፤ አንድ ሱቅ በሩን ከፈተ፤
ወይዘሮ ዘነበወርቅ የቲኬት መብሻቸውን ከቦርሳ አውጥተው
ባዶ አየር በሱ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ስድስቴ።
አርባ አንድም ሄደች።

ሄደች ስል፣ አሥራ አንድ እርምጃ። እኔው ነኝ የለካሁ።
ከዚያ በኋላ ሐዲዱ አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል።
ከአጥሩ ማዶ ጫት ሻጯ እጇን አፏ ላይ አድርጋ
«የት ደረሳችሁ?» አለች።
«ገና ነው፣ ኤረር አልደረስንም» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

እንፋሎቱ ሲያልቅ በጫንቃችን እየገፋን መለስናት፤
ለመመለሱ ሃያ ሰው ከሰፈሩ ጠርተን፣ አመሻሽ ላይ አደረስናት።

ሽማግሌውን ወደ ሳቢያን ስወስድ ያንቀላፉ መስሎኝ ነበር።
መዶሻዋ ጭናቸው ላይ ናት። ድንገት አነሷትና
የባጃጄን ብረት መታ መታ አደረጉ።
«ይሄ ይዋሻል» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ቀስ ብዬ ነዳሁ።