ቤት በቤት ላይ

ልጄ ሻላሞ በካርቶን የሠራውን ከተማ ይዞ መጣ፣
አምስት ሌሊት ያልተኛ፣ ጣቱ በሙጫ የነጣ።
ጠረጴዛዬን ያዘብኝ፤ እራቴን ጉልበቴ ላይ በላሁ።
«የማያ ሕዝብ ከተማ ነው» አለኝ፤ መነጽሬን ሰክቼ አየሁ።

ከስንት ውቅያኖስ ማዶ፣ ጫካ ውጦት የኖረ፣
ያለ ብረት የተጠረበ፣ ያለ ጋሪ የተከመረ።

እኔ ግንበኛ ነኝ፤ በሐዋሳ፣ ከአቶቴ እስከ ታቦር ግርጌ
ሠላሳ ዓመት ቱምቢ ያንጠለጠልኩ፣ ቀጥ ያለውን ፈልጌ።
ዓይኔ ወዲያው በር ፈለገ። ደረጃው ደመና ይነካል፣
ጫፉ ላይ ያለው ክፍል ግን ለሁለት ፍየል ይጠባል።
«ይሄ ሁሉ ድንጋይ ለዚች ጓዳ?
ባለቤቱን ኮንትራክተር በልቶታል!»
ሳቀ።

ስለ ቅስቱ ጠየቅኩት። ቁልፍ ድንጋይ የለውም፤
ሁለቱ ግድግዳ እንደ ተኳረፉ ወንድማማች
ድንጋይ በድንጋይ፣ ስንዝር በስንዝር ይጠጋጋሉ፤
ሊነካኩ ጥቂት ሲቀራቸው
አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሽማግሌ ሆኖ መሐል ይገባል።

ቀን ቆጣሪዎች ነበሩ አሉ፤ ባዶን እንኳ በዛጎል ስለው
ከቁጥር ያስገቡ፣ የነገሡበትን ዕለት በሐውልት ገትረው።
አባቴ ትዝ አለኝ። አያንቶ ነበር፤ ሌሊት ሰማይ አንጋጦ
ከከዋክብት መሐል የፍቼን ቀን የሚያወጣ መርጦ።
ሳምንቱ አራት ቀን ነበር። እኔ ሰባቱን ያወቅሁት
ደመወዝ ስጀምር ነው፤ በቅዳሜ ክፍያ ቆጥሬ የለመድኩት።

«ታዲያ ምን ነካቸው?»
«አንድ ዓመት ላይ ሐውልቱ ዝም አለ። ድርቅ ይሁን፣ ጦር ይሁን…
ሁለቱም ይሆናል።»
«የግንበኞቹስ ስም?»
«እኔ ያነበብኩት ላይ የለም።»
ሰሃኔን አስቀመጥኩ።

ከዚያ ክዳኑን አነሳው።
ከቤቱ ሆድ ሌላ ቤት። ከዚያም ሆድ ሌላ፣ ያነሰ።
«ንጉሥ ሲሞት» አለ፣ «ልጁ ሁልጊዜ መች አፈረሰ፤
የአባቱን ግንብ ከነቀይ ቀለሙ በራሱ ግንብ አለበሰ።»

የጭቃ ቤታችን ቆርቆሮ በዚያ ሰዓት ሲንቋቋ ሰማሁ።
ክረምቱን ሙሉ «አፍርሰን ጂ ፕላስ ሁለት» ሲለኝ ነበር፤
እናቱ የለሰነችውን ግድግዳ
እያየሁ ዝም ስለው ነበር።

ጠዋት፣ አባ ኮዳዎቹ ከዋርካው ሳይወርዱ፣
ሜትር ይዞ ጓሮ አገኘሁት።
ከግድግዳችን ወደ ውጭ
አንድ ሜትር ተኩል ለክቶ ችካል ይመታል።
ምንም አላልኩም።
የሲባጎውን ሌላ ጫፍ ያዝኩለት።